ትኬት ይዤ "ትኬት የለሽም" ተባልኩላችሁ

እስቲ ይህቺን ስሙልኝ። የባቡር ትኬቱን ከማሽን ገዝቻለሁ። ገንዘቡ ከካርዴ ተቆርጧል። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው፤ ቀኑ፣ መነሻው፣ መድረሻው ሁሉ ተጽፎበታል። ተቆጣጣሪው ግን አገላብጦ አየውና "ይሄ አይሰራም" አለኝ። ለምን? ማህተም አልተመታበትም። ማህተሙን የሚመታው ማን ነው? አንቺ! የት? ከመሳፈርሽ በፊት፣ ግድግዳ ላይ በተለጠፈች አንዲት ትንሽ ሳጥን። ማን ነገረኝ? ማንም።

አገሩ ጣሊያን ነው። እማዬን ይዤ ከፍሎረንስ ወደ ፒሳ፣ ያንን ያዘመመ ግንብ ላሳያት ነበር የምሄደው። በተራው ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ መንገድ ነው፤ ትኬቱም ለአንድ ሰው 10 ዩሮ አካባቢ። ቅጣቱ ስንት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። እማዬ ፌስቡክ አላት። በብር ስትመታው የአንድ ሰሞን አስቤዛ መሆኑን ብታውቅ እስከ ዛሬ ታለቅስ ነበር።

በነገራችን ላይ ምክንያቱ አይገባሽም እንዳትሉኝ። ይገባኛል። ተራው ባቡር ላይ ትኬትህ ለዚህ ባቡር፣ ለዚህ ወንበር ተብሎ የታሰረ አይደለም። በዚያን ቀን ከሚሄዱት በፈለግከው መሳፈር ትችላለህ። ስለዚህ ሰዓቱ ካልታተመበት አንዱን ወረቀት ጠዋትም ማታም ልትሄድበት ነው። ፈጣኑ ባቡር ላይ ግን የባቡሩ ቁጥር፣ የፉርጎው ቁጥር፣ የወንበሩ ቁጥር ትኬቱ ላይ ስላለ ማህተም የሚባል ነገር የለም። እሺ። ጥሩ። ግን እኮ ሁለቱንም ትኬት የሸጠልኝ አንድ ዓይነት ማሽን ነው! በሁለት ቀን ልዩነት፣ በተመሳሳይ ወረቀት፣ በተመሳሳይ ቀለም። ከሮም ፍሎረንስ በፈጣኑ ስንመጣ ምንም ሳንመታ ሰተት ብለን ገባን፤ ተቆጣጣሪውም አየና አመሰገነን። ታዲያ አሁን በምን ብልሃት ነው "ይሄኛው ደግሞ ይለያል" ብዬ የማስበው? በህልሜ?

ማስጠንቀቂያው ትኬቱ ላይ አለ ይላሉ። አለ። በጣሊያንኛ፣ ከሌሎች ደቃቅ ጽሑፎች መሀል ተሸጉጦ። በስልክ ቢገዛ ይሻል ነበር ያለኝ ሰውም አለ። እሱም ቢሆን ለተራው ባቡር "ገብቻለሁ" የምትል ቁልፍ ካልተነካች ያው ነው፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወረቀቱን ጣጣ ወደ ስልክ አዛወሩት እንጂ አላስቀሩትም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ማሽኑ ዲዳ አለመሆኑ ነው። ያወራል! ገና ስትነካው "ከኪስ አውላቂ ተጠንቀቁ" እያለ በእንግሊዝኛ ጣቢያውን ሙሉ ያሰማል። የማታውቁት ሰው ሊረዳችሁ ቢመጣ እንዳትቀበሉ ይላል። ያኔ እማዬ ቦርሳዋን በነጠላዋ ጠቅልላ እንደ ታቦት አቀፈችው፤ ፒሳ እስክንደርስ አላወረደችውም። ሌባው ግን በመጨረሻ መለዮ ለብሶ፣ ደረሰኝ ይዞ መጣ። (ሰውዬውን ሌባ ማለቴ አይደለም፤ ሥራው ነው። ግን ንዴት ነው፣ ተዉኝ።)

በዚያ ላይ ወደ መሳፈሪያው ስንገባ በር ላይ የቆመ ሰራተኛ ነበረ። ትኬታችንን አይቷል! ወረቀቱን ዘርግቼ አሳይቼው በእጁ "እለፉ" አለን። አንድ ጣት ዘርግቶ ወደዚያች ሳጥን ቢጠቁመን ምን ይጎድልበት ነበር?

እና ፉርጎው ውስጥ ዙሪያዬን ሳይ ምን አየሁ መሰላችሁ? የተቀጣነው ሁላችን ሻንጣ የያዝን ነን። ከኋላችን አንድ የእስያ ሽማግሌና ባለቤታቸው፣ ከፊት ለፊት ጀርባቸው ላይ ድንኳን የሚያህል ቦርሳ ያዘሉ ሁለት ወጣቶች፣ እኔና እማዬ። የአገሬው ሰው ስልኩን እያሳየ ወደ ወሬው ይመለሳል። ታዲያ ይሄ አጭበርባሪ የሚይዝ ወጥመድ ነው ወይስ እንግዳ የሚይዝ? አጭበርባሪ እኮ ሳጥኗ የት እንዳለች አሳምሮ ያውቃል!

እማዬ ነገሩ ሲገባት "ከፍለናል በይው እንጂ! ምን አፍሽን ያዘሽ?" አለችኝ። ብያለሁ እማዬ። "እንግዲያው እኔ ልንገረው" ብላ ቀጥታ በአማርኛ "ጌታዬ፣ ከፍለናል፣ በእግዜር ይሁንብዎት" አለችው። ሰውዬው በትህትና ጎንበስ ብሎ ሰማት። ሰምቶም ደረሰኙን ቆረጠ።

ይሄኛው አንዱ ነው። ገና መች ጀመርኩ።

መሳፈሪያ ቁጥር የሚባለውን ነገር ልንገራችሁ። ሮም ቴርሚኒ ጣቢያ ግባ፤ ትልቁ ሰሌዳ ስር በመቶ የሚቆጠር ሰው አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ ቆሟል። ባቡርህ ሰሌዳው ላይ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ከየት እንደሚነሳ የሚናገረው ቦታ ግን ባዶ ነው። መነሻው ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ቁጥሯ ብቅ ትላለች፤ ከዚያ ሩጫ ነው። ስሙ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ሰሌዳው የሚጽፈው የባቡሩን የመጨረሻ ጣቢያ እንጂ የአንተን መውረጃ አይደለም። ናፖሊ የምትሄድ ከሆነ አንዳንዴ "ሳሌርኖ" የሚለውን መፈለግ አለብህ፤ ሳሌርኖ የሚባል አገር በህይወትህ ሰምተህ ባታውቅም። ከዚያ ፉርጎ ቁጥር አንድ ከፊት ይሁን ከኋላ እግዜር ይወቀው፤ እናትህንና ሁለት ሻንጣ እየጎተትክ የባቡሩን ርዝመት ትለካለህ። ለአንዳንዱ ባቡር ደግሞ መሳፈሪያው "1 ምስራቅ" ይባላል። ከቁጥር አንድ አጠገብ መስሎህ ትሄዳለህ። እሱ ግን ሩቅ፣ የመንደር ያህል ተሂዶ የሚደረስበት ነው።

የእኛን ወያላ ስሰድበው የኖርኩትን ሁሉ እዚህ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። "ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!" እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮኽልሃል፤ የት እንደምትወርድ ይጠይቅሃል፤ ስትደርስ "ወራጅ አለ" ይልልሃል። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር በሚበር ባቡር አገር አንድ ወያላ የለም!

ቬኒስ የሚሄድ ካላችሁ ደግሞ ጣቢያው ሁለት ነው። መጀመሪያ የምትመጣው ሜስትሬ ነች፤ ስሟ ላይ ቬኒስ የሚል አለበት፣ ውሃ የሚባል ግን አታዩም፣ ገና የብስ ላይ ናችሁ። ሳንታ ሉቺያ እስክትባል ቁጭ በሉ። ከሮም ፊውሚቺኖ አየር ማረፊያም ሁለት ባቡር ነው የሚነሳው። በ14 ዩሮ ሳይቆም ቴርሚኒ የሚያደርስ አለ፣ በ8 ዩሮ ደግሞ ትራስቴቬሬንና ኦስቲየንሴን አልፎ ቲቡርቲና የሚሄድ አለ። የርካሹ ሚስጥር ምንድን ነው? ቴርሚኒ አይገባም። ይህንንም የነገረን የለም፤ ከአዲስ አበባ ሌሊቱን በርረን ጠዋት ላይ ሻንጣችንን ይዘን ኦስቲየንሴ ወርደን ሰማይ ሰማይ ስናይ ነው የገባን።

ስለ ቴርሚኒ ካነሳሁ አይቀር፣ ከበሩ ፊት ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ ይባላል። የ500ዎቹ አደባባይ ማለት ነው። እነማን ናቸው 500ዎቹ? በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ አባ ነጋ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ሐውልታቸው ከጣቢያው ጥቂት እርምጃ ላይ ቆሟል። ዘርዓይ ደረስ ጎራዴውን የመዘዘውም እዚያው ሐውልት ስር ነው። ይህንን ለእማዬ ስነግራት ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ "እንዲያማ ከሆነ ቂም ይዘውብናል" አለች። እውነት ለመናገር በዚያ ሰዓት ሌላ ማብራሪያ አልነበረኝም።

ከዚያ አድማው መጣ። አርብ ቀን ነው፤ እኛ በጠዋት ተነስተን፣ ቁርስ በልተን፣ ሻንጣ ሸክፈን ጣቢያ ደርሰናል። ሰሌዳው ላይ ከግማሽ በላይ የሆኑት ባቡሮች ተሰርዘዋል። ሰራተኛው ሥራ ማቆሙን አልቃወምም፤ እኔም ደሞዝተኛ ነኝ፣ መብታቸው ነው። የሚገርመው አድማው ድብቅ አለመሆኑ ነው። ቀድሞ ይታወጃል፣ የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ቀኑና ሰዓቱ ይወጣል፣ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በአድማ ቀን መቋረጥ የሌለበትን አገልግሎት የሚደነግግ ህግ አላቸው። በሥራ ቀን ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ተራዎቹ ባቡሮች እንዲሄዱ ይገደዳሉ። አገሬው ይህንን እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሉ ያውቀዋል፤ በጠዋት ሄዶ በማታ ይመለሳል። በአምስት ሰዓት ጣቢያው ውስጥ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ የሚያዛጋው ማን ነው? እናንተው ገምቱ። ትኬቱን ስገዛ ኢሜይሌን ተቀብለዋል፣ ስልኬን ተቀብለዋል። ማስታወቂያ እየላኩልኝ ነው እስከ ዛሬ። አንዲት መስመር "ነገ አድማ አለ" ብሎ መላክ ነው ያቃታቸው። ለመጸዳጃ ቤት ግን አንድ ዩሮ መክፈል እንዳለብኝ በትልቁ፣ በስንት ቋንቋ ተጽፎልኛል! ገንዘብ መቀበያው ላይ ሲደርሱ ትርጉም አያጥራቸውም።

አሁን "አንብበሽ አትሄጂም ነበር ወይ" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አንብቤያለሁ ጌታው። ለሸንገን ቪዛ ያልተጠየቅኩት ወረቀት የለም፤ የባንክ ሂሳብ፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የሆቴል፣ የመድን። ያን ሁሉ ፋይል ሲያስሞሉኝ አንድ ገጽ "ባቡራችን እንዲህ ነው" የሚል ቢያስገቡበት ደስ ብሎኝ አነበው ነበር። "ጀርመን ብትሄጂ ይሻልሽ ነበር" የምትሉም አደራ፤ እዚያ በ2024 እ.ኤ.አ. በሰዓታቸው የደረሱት የረጅም ርቀት ባቡሮች 62.5 በመቶ ናቸው፣ ያውም ከ6 ደቂቃ በታች የዘገየውን "በሰዓቱ" ብለው ቆጥረው። ፍራንክፈርት ያለችው የአክስቴ ልጅ እየሳቀች ነው የምትሰማኝ።

በመጨረሻ ያስተማረችን ቴርሚኒ አካባቢ ምግብ ቤት ያገኘናት ሐበሻ ናት፤ እዚያ ብዙ ዓመት ኖራለች። ቅጣቱን ስንነግራት ምንም አልገረማትም። "የኔ እህት፣ ማህተሙን ከረሳሽ ተቆጣጣሪውን ቁጭ ብለሽ አትጠብቂው። ገና እንደተሳፈርሽ ራስሽ ፈልጊውና ንገሪው፤ እሱ ከመጣብሽ ግን አለቀ። ሳጥኑ ተበላሽቶ ከሆነ ደግሞ ቀኑንና ሰዓቱን በእስክሪብቶ ጻፊበትና ሂጂለት" አለችኝ። በእስክሪብቶ! ይህ ሁሉ ጣጣ በሃያ ብር እስክሪብቶ የሚያልቅ ነገር ነው እንግዲህ። ሽሯችንን አስከፍላን፣ ምክሩን በነጻ ሰጠችን።

እኔ ቅጣቴን ይመልሱልኝ እያልኩ አይደለም፤ ተከፍሏል፣ አልቋል። ያቺ ስለ ኪስ አውላቂ የምትጮኸው ማሽን ግን ድምጽ ማጉያዋ ይሰራል፣ እንግሊዝኛዋም ጥሩ ነው። ወረቀቱን ስትተፋ "ማህተም ምቱበት" ትበል።