ለክቡር ጥላ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር ጥላ
ጣሪያ ላይ

ጉዳዩ፦ ለክቡርነትዎ የሥራ ዝውውር ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? መጠየቄ ለወጉ ያህል ነው እንጂ ደኅንነትዎን የፀሐይ ፓኔሌን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚለውጠው ኢንቨርተር በየቀኑ ይነግረኛል። ረፋድ 4 ሰዓት ሲሆን በስክሪኑ ላይ ያለው ዋት ቁልቁል ይወርዳል፤ ያኔ ገብተዋል ማለት ነው። ደመና ቀጠሮ አያከብርም። እርስዎ ግን ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ሁሉ ቀርተውም አርፍደውም አያውቁም። በሥራ ሰዓት አክባሪነት የሚሸልም መሥሪያ ቤት ቢኖር ኖሮ ሜዳሊያው የእርስዎ ነበር።

የምጽፍልዎት ልከስዎት አስቤ አይደለም፤ አድንቄዎት ነው። ከሳተላይት ዲሹ ተነሥተው ፓኔሉ ላይ ሲጋደሙ የሚይዙት ቦታ ከጠቅላላ ስፋቱ አንድ አሥረኛ አይሞላም። እኔ በተማርኩት ሒሳብ አንድ አሥረኛ የሸፈነ አንድ አሥረኛ ይወስዳል። እርስዎ ግን ሲሶውን ይዘው ይሄዳሉ። ሲሶ መውሰድ የባለርስት ወግ ነው፤ እርስዎ ደግሞ በዚህ ጣሪያ ላይ አንዲት ጋት ርስት የለዎትም።

ምሥጢሩን ለሌሎች ላስረዳ፤ እርስዎ እንደሆነ ትሑት ነዎትና አይናገሩትም። ለረጅም ጊዜ የተለመደው የቤት ፓኔል 60 ሴሎች፣ ማለትም ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ቁርጥራጮች፣ አሉት። አንዱ ሴል የሚያመነጨው ግማሽ ቮልት ያህል ብቻ ስለሆነ ለብቻው ምንም አይፈይድም፤ ስለዚህ ሁሉም በተከታታይ ይያያዛሉ። በተከታታይ ሲያያዙ ደግሞ በሁሉም ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት እኩል መሆን ግድ ነው። ተሰልፈው ባልዲ የሚቀባበሉ ሰዎች መካከል አንዱ እጁን ቢያጥፍ የሌሎቹ ጉልበት ምን ይሠራል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እርስዎ ግን ድሩ በማበሩ ተጠቅመው አንዲቱን ክር ይይዙና ድሩን በሙሉ ያስራሉ።

ፋብሪካው ይህን ዐመልዎን ስለሚያውቅ ከፓኔሉ ጀርባ ባለችው ትንሽ ሣጥን ውስጥ ባይፓስ ዳዮድ የሚባል የፍሰት ማሳለፊያ የጎን በር ያስቀምጣል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው፤ እያንዳንዱም 20 ሴሎችን ይጠብቃል። እርስዎ ከሃያዎቹ በአንዱ ላይ ሲንጋለሉ ዳዮዱ ፍሰቱን በጎን ያሳልፍና ሃያዎቹን በሙሉ ከሥራ ያግዳቸዋል። ሲሶው የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ንጹሐን ከአንድ የተሸፈነ ጋር አብረው ይቀጣሉ። ዳዮዱ ተበላሽቶ ማሳለፉን ካቆመ ደግሞ የባሰ ይመጣል። የተሸፈነው ሴል ማመንጨቱን ትቶ የጓደኞቹን ኃይል ይበላል፣ ይግላል፣ ይጠቁራል፤ መስታወቱም እስከ መሰንጠቅ ሊደርስ ይችላል። ከሥርዎ የተቀመጠውን በእሳት የሚጠብስ ጥላ፣ ይህን ማን ያምናል?

ደመናን ብዙ ሰው ያማዋል። እኔ ግን እርስዎን ካወቅሁ ወዲህ ለደመና ጥብቅና ቆሜያለሁ። ደመና ሲመጣ ከሁሉም ሴሎች እኩል ይቀንሳል፤ ተበትኖ በሚደርሰው ብርሃንም ፓኔሉ ጥቂት ጥቂት መሥራቱን አይተውም። አድልዎ የለበትም።

ወኪሎችዎንም ሳላነሣ አላልፍም። አቧራውን ዝናብ ያጥበዋል፤ የወፍ ኩስ ግን አንዴ ከደረቀ የዝናብ ትእዛዝ አይሰማም። ሥራው ከእርስዎ ሥራ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ እርስዎ ሲመሽ ይሄዳሉ፣ እርሱ ግን ያድራል።

አሁን ወደ ወዳጅዎ እንምጣ። ፓኔሉን የገጠመልኝ ባለሙያ ጣሪያውን ሊያይ የመጣው በቀትር ነበር። በቀትር እርስዎ ከዲሹ እግር ሥር ኩርምት ብለው ያሸልባሉ። ግራ ቀኝ ተመለከተና «ቦታው ከጥላ ነጻ ነው» ብሎ ፈረመ። የፀሐይ ኃይል የሚታፈሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት መሆኑ፣ ፀሐይዋም በዓመት ውስጥ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እስከ 23.5 ዲግሪ ድረስ የምትመላለስ መሆኗ ለፊርማው አልታሰበም። በአንዱ ወር ከፓኔሉ ጫፍ አንድ ክንድ ርቀው የሚያልፉት ጌታ ከወራት በኋላ መካከሉ ላይ እግርዎን ዘርግተው ይገኛሉ። ፓኔሎቹንም ለዓይን ያምራሉ ብሎ በቁመታቸው አቆማቸው። እያንዳንዱ የሃያ ሴሎች ምድብ በፓኔሉ ቁመት የተሰለፈ ነውና ከታች በኩል ካለው የጣሪያ ከለል ላይ የሚወርደው ጥላ ሦስቱንም ምድብ በአንድ ጊዜ ይነካል፤ በጎናቸው ቢያስተኛቸው ኖሮ አንዱን ምድብ ብቻ ባገኙ ነበር። ጉቦ ሰጥተውት ነው ብዬ ስምዎን አላጠፋም፤ ከዚህ የበለጠ ግን ሊያደርግልዎት አይችልም ነበር።

እዚያው ጣሪያ ላይ በፀሐይ ስለሚሠራው ውኃ ማሞቂያዬ እናውራ፤ እዚያ እንኳ እርስዎ ተራ ሰው ነዎት። እ.ኤ.አ. በ1891 ክላረንስ ኬምፕ የተባለ የባልቲሞር ሰው በመስታወት የተከደነ ሣጥን ውስጥ ጥቁር የውኃ ታንክ አኑሮ የባለቤትነት መብት ሲያወጣ ስለ ዳዮድ መጨነቅ አላስፈለገውም። ማሞቂያው ሙቀትን እንጂ ቮልትን አይቆጥርም፤ አንድ አሥረኛውን የሸፈነ ከአንድ አሥረኛ ብዙም አይወስድም። 150 ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ለማድረስ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይበቃል። ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን 2 ካሬ ሜትር የሆነ ማሞቂያ ይህን ሊሠራው ይችላል። ያንኑ ውኃ ከፓኔል በሚወጣ ኤሌክትሪክ ላሙቅ የሚል ሰው ከእጥፍ በላይ የሆነ ጣሪያ ያስፈልገዋል፤ ፓኔል ከሚያርፍበት ጨረር ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው አንድ አምስተኛ ያህሉን ነውና። (ይህን የምለው ውኃም መብራትም ከፓኔል ይሁን ለሚለው ጎረቤቴ ነው፤ እርስዎን አይመለከትም።)

እርስዎ ግን ከሽንፈትም የሚያተርፉ ብልህ ነዎት። ፓምፕ የሌለው ማሞቂያ የሚሠራው የሞቀ ውኃ ቀሎ ወደ ላይ ስለሚወጣ ነው፤ በመሆኑም ታንኩ ፀሐይ ከሚቀበለው ሰሌዳ በላይ መቀመጥ አለበት። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ደግሞ እርስዎን ይወልዳል። ባለሙያው ማሞቂያውን ከፓኔሎቹ በስተምዕራብ ተከለው፤ ይኸው ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ከሞቀው ውኃ ታንክ ወርደው መብራቱን ይበላሉ። ሁለቱን የፀሐይ ልጆች አንድ ጣሪያ ላይ አጣልተው በመካከል የሚኖሩ እርስዎ ነዎት።

ከዚህ በመነሣት የዝውውሩን ጥያቄ አቀርባለሁ። ኢንቨርተሩና ባትሪው በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፀሐይ ይመታቸዋል። ኢንቨርተር ሲግል ራሱን ለማዳን ምርቱን ይቀንሳል፤ ባትሪም በሙቀት ዕድሜው ያጥራል። እዚያ ክፍት የሥራ መደብ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚሠራ፣ የሚከበሩበትና የሚመሰገኑበት። ፓኔሉም ቢሆን ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር በየዲግሪው ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ኃይል ያጣል፤ ይህን ግን እባክዎ እንደ ግብዣ አይቁጠሩት። ፓኔሉ የሚፈልገው ከጀርባው ነፋስ እንጂ በፊቱ እርስዎን አይደለም።

ዝውውሩን አልቀበልም ካሉ ዲሹን ወደ ጣሪያው ማዶ አስነሣለሁ፤ ፓኔሎቹንም በጎናቸው አስተኛለሁ። ሲያረጁም የላይኛውና የታችኛው ግማሽ ተለያይቶ በሚሠራ በግማሽ ሴል ፓኔል እተካቸዋለሁ፤ እያንዳንዱን ፓኔልም ለየራሱ ማይክሮ ኢንቨርተር አስረክበዋለሁ። ያኔ ከአንዱ ፓኔል የወሰዱት በአንዱ ላይ ይቀራል፤ ሲሶ መሰብሰብም ያበቃል።

ከሰላምታ ጋር
የጣሪያው ባለቤት (በወረቀት)

ግልባጭ፦
ለሳተላይት ዲሽ
ለሞቀ ውኃ ታንክ
ለጎረቤት ዛፍ፣ ዘንድሮም ቁመት ስለጨመረ ለቅድመ ማስጠንቀቂያ
ለአካባቢው ወፎች፣ ማንበብ ባይችሉም ላዩ ላይ እንደሚቀመጡበት ስለሚታወቅ