የዲኢቪዲ ብርሃን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም

ካስፔዞች ሴል ራሱን በሚገድልበት ሂደት ፕሮቲኖችን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ናቸው፤ ዲኢቪዲ-ኤኤምሲ ደግሞ ሲቆርጡት የሚያበራ የሙከራ ሞለኪውል ነው። አንድ ጽሑፍ «ዲኢቪዲ-ኤኤምሲ ካበራ ካስፔዝ 3 ነቅቷል» ይላል። ይህ ችኮላ ነው፤ ካስፔዝ 7ም ያንኑ ይቆርጣል። ኤምሲኤፍ-7 የተባሉት የጡት ካንሰር ሴሎች ካስፔዝ 3 ጭራሽ የላቸውም፣ ብርሃኑ ግን ሊታይባቸው ይችላል። በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በክብደታቸው ለይቶ በሚያሳይ ዘዴ) የተቆረጠውን ካስፔዝ 3 (17 እና 19 ኪሎዳልተን) ማየት ግድ ነው። የፓርፕ (ካስፔዞች የሚቆርጡት ፕሮቲን) ከ116 ወደ 89 ኪሎዳልተን መውረድ ሁለቱን ካስፔዞች አይለይም።

ምልክቱ ከደከመ ዲቲቲውን (ኢንዛይሙን ከአየር ጉዳት የሚጠብቀውን ኬሚካል) ጠርጥሩ። ኢንዛይሙ የሚሠራው በሲስቴይን ሰልፈር ስለሆነ አየር ሲያገኘው ይዳከማል፤ ከ5 እስከ 10 ሚሊሞላር ዲቲቲ በዕለቱ አዘጋጅታችሁ ጨምሩ። ያደረ ቡፈር (ኢንዛይሙ የሚሠራበት ፈሳሽ) አታምኑ!

20 ማይክሮሞላር ዜድ-ቫድ (ካስፔዞችን የሚያግድ ውህድ) የሴሎቹን ሞት ካላቆመ ደግሞ ኔክሮፕቶሲስን (ያለ ካስፔዝ የሚካሄድ የሴል ሞት) አስቡ። ኤል929 የአይጥ ሴሎች እንዲያውም በዜድ-ቫድ ሞቱ ይብስባቸዋል።