ማስተካከያ፦ 30 ሰከንዱ የመላዋ ምድር ምስል አይደለም

ስለ አዳዲሶቹ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች ቀደም ሲል በወጣው መረጃ «ጎዝ 16 በየ30 ሰከንዱ የመላዋን ምድር ምስል ያነሳል፤ መብረቅንም አስቀድሞ ይተነብያል» የተባለው እንደሚከተለው ይታረም። ጎዝ 16 እስከ 2025 (እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር) በዋና አገልግሎት ላይ የነበረ የአሜሪካ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ነው።

ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ከምድር እኩል የሚዞር ሳተላይት ሁልጊዜ የሚያየው አንድ ገጽ ብቻ ነው። የምድር ጀርባ አይታየውም፤ ዋልታዎቹም በአግባቡ አይደርሱለትም። አሜሪካ፣ አውሮፓ፣ ጃፓንና ሌሎችም በተለያየ አቅጣጫ አቁመው መረጃውን የሚጋሩት ለዚሁ ነው።

ጎዝ 16 ያንን ገጽ በሙሉ ያነሳ የነበረው በየ10 ደቂቃው ነው። 30 ሰከንድ የተባለው፣ አውሎ ነፋስ እየጎለበተ ያለበትን የመሰለ፣ በግምት 1,000 በ1,000 ኪሎ ሜትር ለሆነ አንድ የተመረጠ ስፍራ ብቻ ነው። ይህ እርማት ግን የእድገቱን ትልቅነት አይቀንሰውም። የነጎድጓድ ደመና በደቂቃዎች ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፤ አናቱ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፣ ጫፉ ይሰፋል። ምስሉ በየሩብ ሰዓቱ ሲደርስ የዚህ ለውጥ ብዙው ሳይታይ ያልፍ ነበር። አሁን ትንበያ ባለሙያው ለውጡን እየተከታተለ ማስጠንቀቂያ ማውጣት ይችላል፤ የሰው ሕይወት የሚተርፈውም በእነዚያ ደቂቃዎች ነው። ካሜራው ብርሃንና ሙቀትን ለይቶ የሚያይባቸው የሞገድ መስመሮችም ከ5 ወደ 16 አድገዋል።

የመብረቅ መሣሪያው አይተነብይም፤ የብልጭታውን ብርሃን ቀንም ሌሊትም ይመዘግባል። በታኅሣሥ 2022 (እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር) የመጠቀው የአውሮፓ ሦስተኛ ትውልድ የአየር ሁኔታ ሳተላይት፣ ሜቴኦሳትም፣ ተመሳሳይ መሣሪያ ይዟል።