በጎ ፈቃደኛው ጠመኔ የሚይዘው መቼ ነው?

ክርክሩ የተነሳው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ ቡና በሚጠጣበት አንድ በረንዳ ላይ ነው። ከከተማው ሚሲዮን ትምህርት ቤቶች በአንዱ እንግሊዝኛ የሚያስተምር በጎ ፈቃደኛ ከውጭ አገር በጥር መጥቶ እስከ ሰኔ እንደሚቆይ ተሰምቷል። ተከራካሪዎቹ አራት ናቸው፦ እዚያው የምታስተምር የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር፣ የሚሲዮኑን እንግዳ ማረፊያ የሚያስተዳድሩ መነኩሲት (ሲስተር) እና አንድ ነርስ።

መምህርቷ ደስ ብሏታል። «በሳምንት 28 ፔሬድ ነው የያዝኩት። ልጁ እሑድ ቢደርስ ሰኞ ጠዋት ሁለት የአምስተኛ ክፍል ሴክሽን አስረክበዋለሁ። ቋንቋው የአፉ መፍቻ ነው፤ ምን ይጠበቃል?»

«አንቺ ልጅ፣ ችግሩ እኮ እዚያ ላይ ነው» አሉ ጡረተኛው። «እሱ እንግሊዝኛን ከእናቱ ጉያ ነው የሰማው። የኛ ልጆች አብዛኞቹ የላቲን ፊደል ያወቁት ኦሮምኛ በሚጻፍበት በቁቤ ነው። በቁቤ 'ሲ' የምትባለው ፊደል 'ጭ' ናት፤ 'ኤክስ' ደግሞ 'ጥ' ናት። ስለዚህ ድመት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሲያነቡ 'ካት' ሳይሆን 'ጨት' ይሉታል። ሁለት 'ኦ' ተደርድሮ ሲያዩ በቁቤ ረጅም 'ኦ' ስለሆነ 'ቡክ'ን 'ቦክ' ብለው ያነቡታል። ተማሪው ሕግ አክብሮ ነው ያነበበው፤ የሌላ ቋንቋ ሕግ ሆነበት እንጂ። አዲሱ መምህር ይህን ካላወቀ ልጆቹ ፊደል ያልቆጠሩ ይመስሉትና ከ'ኤ፣ ቢ፣ ሲ' ይጀምራል። አንቺ ግን ገና አፋቸውን ሲከፍቱ የት እንደሳቱ ታውቂያለሽ። ሦስት ሳምንት ጠመኔ ሳይነካ ከኋላ ወንበር ይቀመጥና አንቺን ይይ።»

«ሦስት ሳምንት! ጋሼ፣ በጥር የሚመጣ ሰው እኮ የሴሚስተር ፈተና ላይ ነው የሚደርሰው። ከዚያ ዕረፍት ነው። ትምህርቱ ደንበኛ የሚይዘው የካቲት ላይ ነው። ከዚያ ላይ ሦስት ሳምንት ከተቀነሰ መጋቢት ገባ። ግንቦት ላይ ደግሞ ዝናቡ አለ።»

ዝናቡን ማንሳቷ ትክክል ነው። ጅማ ላይ ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናቡ ይበረታል፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የመምህሩ ድምፅ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም። ልምድ ያለው መምህር ቃል ማስጠናቱንና ዲክቴሽኑን ለጠዋት ያደርገዋል፤ ለከሰዓት በኋላው ከሰሌዳ የሚገለበጥ የጽሑፍ ሥራ ያዘጋጃል። ፊደሉም ቢያንስ ሦስት ጣት ያህል ቁመት ሊኖረው ይገባል፤ ዳመናው ሲከብድና መብራት ሲጠፋ ከዚያ ያነሰው ከኋላ አይነበብም። አዲስ መጪ ይህን ሳያውቅ እየጮኸ ያስተምርና በሳምንቱ ድምፁ ይዘጋል።

ጡረተኛው አልተረቱም። «ማስያስን አስቢ። ካፑቺን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር አባል የሆኑት ጳጳስ በ1852 እ.ኤ.አ. ወደ ኦሮሞ ምድር ገቡ። በ1867 ፓሪስ ላይ የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው አሳተሙ፤ ለማን? ከኋላቸው ለሚመጡት ሚሲዮናውያን ነዋ! ሰው መጀመሪያ ሰምቶ ነው የሚያስተምረው።»

«እሳቸው 35 ዓመት በሚሲዮን ኖሩ ጋሼ። ይሄኛው አምስት ወር ነው ያለው።»

ሲስተር እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ነበር። «እናንተ ክፍሉን ታያላችሁ፤ እኔ ዘንድ የሚመጣው ግን ከነሻንጣው ነው» አሉ። «መጀመሪያ ወረቀቱ ይለቅ። በቱሪስት ቪዛ የገባ ሰው ማስተማር አይችልም፤ በነፃ መሥራቱ ነገሩን አይለውጠውም። የጥሪ ደብዳቤው ከዚህ ተጽፎ፣ ቪዛው በጠሪው ድርጅት በኩል ወጥቶ፣ ትኬት የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙዎቹ ትኬቱን ያስቀድሙና በጭንቀት ይደውላሉ።

«ቀጥሎ ውሃው። ቧንቧ ሁልጊዜ አይመጣም። ለመታጠቢያ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ለመጠጥ አንድ ለብቻው፤ የመጠጡ ለሌላ ነገር አይነካም። ውሃው ከደፈረሰ በንጹሕ ጨርቅ ይጣራል፣ ከዚያ ይፈላል፤ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ ይቆያል። የደፈረሰ ውሃ ላይ ክሎሪን የሚጨምሩ አሉ፤ ጭቃው መድኃኒቱን ይበላዋል፣ ጀርሙ ይቀራል፣ እንግዳው በሦስተኛው ቀን ሆዱን ይዞ ይተኛል። አልጋው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ሻንጣውም መሬት አይንካ፤ በክረምት ልብሱ ሻጋታ ያወጣል። ምሳ ከእኛ ጋር የማይበላ ከሆነ ጠዋት ይንገረን። የግቢው በር የሚዘጋበትን ሰዓትና የጸሎቱን ሰዓት በመጀመሪያው ማታ ይወቅ፤ ሰዓቱ በኛ አቆጣጠር መሆኑንም ጭምር።»

ነርሱ በዚህ ገባ። «ሲስተር፣ አጎበሩን ረሱት። ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወባ አለ። አዲስ አጎበር ከመሰቀሉ በፊት 24 ሰዓት ጥላ ላይ ይናፈስ፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ያዳክመዋል። ጠርዙ ፍራሽ ሥር ይግባ። አልጋው ጠባብ ከሆነና ክንዱ አጎበሩን ከነካ ትንኟ በቀዳዳው ትነክሰዋለች፤ ስለዚህ ሰፋ ያለው ይሰጠው። ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን ደሙ ይታይ፤ ከሻንጣ ኪኒን አውጥቶ በግምት አይዋጥ። ባዶ እግሩንም ግቢ ውስጥ አይሂድ፣ ሙጀሌ አለ። ጥፍሩ ጠርዝ ላይ መሐሉ ጥቁር የሆነ ነጭ እብጠት አይቶ ካሳከከው፣ በቆሸሸ መርፌ ሳይቆፍር ወደኛ ይምጣ።»

«ስለ ስጦታውም ልንገራችሁ» አሉ ሲስተር። «ዛሬ ለአንድ ልጅ ደብተር ከሰጠ ነገ በሩ ላይ ብዙ ልጆች ይቆማሉ፤ ያላገኘው ያለቅሳል፣ ያገኘው ይሰደባል። መስጠት ከፈለገ ለዩኒት ሊደሯ ያስረክብ፤ ማን እንደሌለው እሷ ታውቃለች። ከአንድ ተማሪ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል እንዳይቀመጥ፣ ፎቶም ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳያነሳ በመጀመሪያው ቀን አስፈርመዋለሁ። በዚህ ቅር የሚለው ቢኖር ከመምጣቱ በፊት ቢቀር ይሻላል።»

ስለ ማረፊያው የሚከራከር አልነበረም። ጠመኔው ላይ ግን ሳይስማሙ ተነሱ።

እኔ ለጡረተኛው መምህር አደላለሁ፤ ከሳቸውም አልፌ እሄዳለሁ። ሦስት ሳምንት አዳምጦ ሲያበቃ ሴክሽን ቢረከብ ዋናው ጉዳት እንዳለ ነው። ሴክሽን መረከብ ማለት ማርክ ሊስት መረከብ ማለት ነው። ተከታታይ ምዘናውን የሞላው ሰው ሰኔ ላይ አውሮፕላን ሲሳፈር፣ ወይም ሚያዝያ ላይ ታሞ ሲመለስ፣ የትኛው ልጅ ለምን እንደወደቀ የሚያውቅ አይኖርም። መምህርቷም ሳታስተምረው የቆየችውን ክፍል መሐል ላይ ትረከባለች። ትምህርት ቤቱ ደግሞ በጎ ፈቃደኛውን እንደ ሙሉ መምህር ከቆጠረው መቅጠር የነበረበትን መምህር ሳይቀጥር ዓመቱ ያልፋል።

የመምህርቷ ድካም ግን እውነት ነው፤ መልስ ይገባዋል። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ ደብተር ለማየት አንድ ደቂቃ ቢፈጅ አንድ ሰዓት ይሞላል፤ ፔሬዱ 40 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ማንበብ ላይ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ይግባ። እሷ ሰሌዳው ላይ ስታስተምር እሱ 12 ልጆች ይዞ ከኋላ ወይም በረንዳው ላይ፣ በሁሉም ዓይን ፊት፣ 15 ደቂቃ ያስነብባቸው። በቀን አንድ ቡድን ከሆነ በአምስት ቀን ስልሳዎቹም ይዳረሳሉ። የዓርቡ ቡድን ጠዋት ይሁን፤ ለጁምዓ ጸሎት ሲባል የዓርብ ምሳ ዕረፍት ይረዝማል። በረመዳንም እንዲሁ፤ ትልልቆቹ የሚጾሙ ተማሪዎች የመጨረሻዎቹ ፔሬዶች ላይ ይዝላሉ። የእያንዳንዱን ልጅ ስሕተት በአንድ ደብተር ይመዝግብ፦ «'ሲ'ን በቁቤ አነበበ»፣ «'ፒ'ን 'ቢ' አለ»። ደብተሩ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይቀራል፤ ማርክ ሊስቱም ከመምህርቷ እጅ አይወጣም። የ12ቱን ደብተር እሱ ካረመ እሷ ላይ የነበረው ሸክም በእርግጥ ይቀላል፤ ይህ ደግሞ ከደረሰ በሁለተኛው ሳምንት ሊጀመር ይችላል፣ እስከ መጋቢት መጠበቅ አያስፈልግም።

ትምህርት ቤቱ ሌላ የእንግሊዝኛ መምህር ባይኖረውና ክፍተቱን በበጎ ፈቃደኛ ሊሸፍን ቢያስብ፣ የጥሪ ደብዳቤው መጻፍ የለበትም። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ መምህር ይቅጠሩ፤ ከዚያ ሲስተር ክፍሉን ያዘጋጃሉ።