መለካት የፈሪ ነው

ዛሬ ምስጋና ላቀርብ ነው የመጣሁት። ለማን? መኪናቸውን በገዛ እጃቸው ለሚያክሙ ጀግኖች። መካኒክ ለመሆን እኮ አመታት ይፈጃል፣ ከመኪና ስር ተኝቶ ዘይት ፊቱ ላይ ሲንጠባጠብበት፣ ሲሳሳት ሲቆጡት፣ አንዱን ቡሎን አስር ጊዜ ሲያስፈቱት ከርሞ ነው ሰው የሚሆነው፤ የኛ ጀግና ግን የ12 ደቂቃ ቪዲዮ፣ እሱንም መሀል መሀሉን እየዘለለ አይቶ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። ቪዲዮው ላይ ያለው መኪና የሱ አይነት አይደለም፣ ሞተሩም ሌላ ነው፣ ሰውዬው የሚያወራበትን ቋንቋም አይሰማም። ቢሆንስ? ካቻቪቴ የያዘ ሰው አስተርጓሚ አይፈልግም።

ስለማላውቀው ሰው የማወራ እንዳይመስላችሁ፣ ወንድም ጋሼ ነው፣ የገዛ ታላቄ። እኔ በዚህ ሙያ ውስጥ ያለኝ ማዕረግ መብራት ያዥ ነው። የስልኬን ባውዛ አብርቼ ወደ ሞተሩ እይዛለሁ፣ እሱ ደሞ ግማሽ ገላው ሞተር ውስጥ ገብቶ "ወዴት ነው የምትይዘው አንተ! እጄ ላይ ሳይሆን የምሰራው ላይ!" ይለኛል። የሚሰራውም እጁ ያለበት ቦታ ላይ ነው ብሎ ማስረዳት ክልክል ነው። ሞክሬው አውቃለሁ።

የወንድም ጋሼ እና የመሰሎቹ ፍልስፍና አንድ ነው፣ መለካት የፈሪ ነው። መልቲሜትር፣ ያ የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ የለውም እንዳትሉኝ አለው፣ ከነላስቲኩ። እንደ ሰርግ ስጦታ አልጋ ስር ተቀምጧል። መኪናው አልነሳ ሲል ፈሪ ሰው ምን ያደርጋል መሰላችሁ፣ ሁለቱን ሽቦ ባትሪው ላይ ያስነካል፣ 12.6 ቮልት ካለ ባትሪው ሙሉ ነው፣ 12 ቮልትም ካልሞላ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፣ ከዛ አስነስቶ ደግሞ ይለካል፣ 14 አካባቢ ካሳየ ዲናሞው ቻርጅ እያደረገ ነው፣ አለቀ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ስራ፣ ምኑ ይወራል? ጀግና ግን ሞተሩ እየሰራ የባትሪውን ገመድ ይነቅላል! "ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው" የሚል ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ጥበብ አለ። መኪና ውስጥ ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን ምናልባት ሰርቶ ይሆናል፤ አሁን ባትሪው ሲነቀል ዲናሞው የሚያመነጨውን የሚውጥለት ያጣና ቮልቱ ለቅጽበት ተስፈንጥሮ ኮምፒውተሩንም ምኑንም ሊጠብሰው ይችላል። ግን ደስ ሲል፣ ጥያቄው እኮ ተመለሰ! ዲናሞው ይሰራል። አሁን የማይሰራው ሌላው ነው።

ፊውዝ ላይም ያው ነው። 10 አምፒር ፊውዝ ተቃጠለ፣ ቀየረው፣ ተቃጠለ፣ ደግሞ ቀየረው፣ ደግሞ ተቃጠለ። አንዳንድ ደካማ ሰው እዚህ ጋ "የሆነ ሽቦ ተልጦ ቦዲ እየነካ ነው ማለት ነው" ብሎ መፈለግ ይጀምራል። ጀግና ግን ችግሩ ፊውዙ ልፍስፍስ ስለሆነ መሆኑ ወዲያው ይገባዋል፣ እና 30 ይከትበታል። አሁን ፊውዙ አይቃጠልም! እውነትም አይቃጠልም፣ ፊውዝ የተፈጠረው ሽቦውን ሊጠብቅ ነበር፣ አሁን ሽቦው ነው ፊውዙን የሚጠብቀው። ሚና መቀያየር ይባላል። ዳሽቦርዱ ውስጥ ትንሽ የፕላስቲክ ሽታ ከመጣ መስኮት ዝቅ ማድረግ ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፣ ወደ መብራት። እዚህ ጋ ጀግንነቱ ከራስ አልፎ ለሌላውም ይተርፋልና ረጋ ብዬ ላውራ።

የድሮው ሃሎጅን አምፖል፣ ያ ኤች4 የሚባለው፣ ውስጡ ሁለት ክር አለው፣ አንዱ 55 ዋት ለአጭር፣ አንዱ 60 ዋት ለረጅም። ካወጣችሁት አይታችሁ ይሆናል፣ ከአጭሩ መብራት ክር ስር ጥፍር የምታክል እንደ ማንኪያ የጎደጎደች ቆርቆሮ አለች። ስራዋ ብርሃኑ ከኋላ ያለውን አንጸባራቂ መስታወት የታችኛውን ግማሽ እንዳይመታ መከለል ነው፣ ከመታ ወደ ላይ ተወርውሮ ከፊት የሚመጣው ሰው አይን ውስጥ ይገባላ። ከኋላ ያለው የተጎደጎደ መስታወትም ክሩ በትክክል የት ጋ እንደሚቀመጥ ታስቦ፣ በሚሊሜትር ተሰልቶ የተሰራ ነው፣ ክሩ ትንሽ ፈቀቅ ካለ ብርሃኑ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሃሎጅን መኪና ላይ ከመጣ ከ1962 ጀምሮ ስንት ኢንጂነር ለዚች ሚሊሜትር ሲጨነቅ ኖረ። ወንድም ጋሼ በ20 ደቂቃ አሰናበታቸው።

ካርቶኑ ላይ "6000 ኬልቪን፣ ሱፐር ዋይት" የሚል (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፣ ሲያንስ ቢጫ፣ ሲበዛ ነጭ) ኤልኢዲ ገዝቶ መጣ። ከኋላው ማራገቢያ ያለው፣ ጎማ ክዳኑ አልዘጋ ስላለው ክዳኑን በቢላ ቀደደው፣ አሁን ዝናብ ሲዘንብ መብራቱ ውስጥ አሳ ማርባት ይቻላል። በጎንና በጎን የተለጠፉት ቺፖች የድሮው ክር የነበረበት ቦታ ላይ ይሁኑ አይሁኑ ማን ጠየቀ? የኔ ስራ ያው መብራት መያዝ ነበር፣ አብርቶ ሲያየው ግን የኔ መብራት ጠፋ፣ ማለት በርቷል ግን አይታይም። ግድግዳው ላይ ድሮ የነበረው ከላይ በመስመር የተቆረጠ ብርሃን የለም፣ ግድግዳው በሙሉ ነጭ ነው፣ ጣሪያውም፣ ዛፉም፣ ዛፉ ላይ የተኙት ወፎችም ነጋ ብለው ተነሱ። ወንድም ጋሼ እጁን አጣምሮ ቆሞ "አየህ?" አለኝ። ለጊዜው ምንም እያየሁ አልነበረም።

ማታ አብረን ወጣን። እውነት ለመናገር ጎማው ፊት ያለው አስፋልት እንደዛ ደምቆ አይቼ አላውቅም፣ እያንዳንዱ ጠጠር ይቆጠራል። ችግሩ ቅርቡ እንደዛ ሲያበራ አይን ብሌኑን ያጠብብና ሩቁ ይጨልምበታል፣ የሚያስፈልገው ደሞ ሩቁ ነው፣ ሰው የሚሻገረው እዛ ነው። ግን ወንድም ጋሼ "አሁን ነው መንገድ የታየኝ" አለ፣ ጠጠሮቹን ማለቱ ነው። ከፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅም መብራት ብልጭ ብልጭ ያደርግብናል፣ አጥፋ ለማለት ነው፣ እሱ ግን ሰላምታ መስሎት ይሁን አድናቆት እሱም ብልጭ ያደርግላቸዋል። አጭሩ ይሄን ካከለ ረጅሙ ምን እንደሚያክል አስቡት። አንዱ እንደውም የባሰ ኤልኢዲ የገጠመ ሰው ነበር፣ እሱም ለቀቀው፣ የኛም ለቀቀው፣ ሁለቱ ጀግኖች እየተከባበሩ፣ ሳይተያዩ፣ መንገዱንም ሳያዩ ተላለፉ። እኔ በሩን ይዤ ጸሎት ላይ ነበርኩ።

ጭጋግ የገጠመን ቀንማ ልዩ ነበር። ያ ሁሉ ወደ ላይ የተበተነ ነጭ ብርሃን ከጭጋጉ ተመልሶ ፊታችን ላይ መጣ፣ እንደ አንሶላ። ድሮ በዛ ቢጫ በሚሉት፣ ወደ 3200 ኬልቪን አካባቢ በሆነው ሃሎጅን መስመሩ ይታየን ነበር። ግን ቢጫ መብራት የሽማግሌ መኪና ያስመስላል፣ ገደል ብንገባ እንኳ ዘመናዊ ሆነን ነው የምንገባው።

ፍሬቻውንስ ልተወው? አልተወውም። እሱንም ኤልኢዲ አደረገው፣ ከዛ ፍሬቻው ልቡ እንደሚመታበት ሰው ይጣደፍ ጀመር። ለምን ቢባል የድሮው አምፖል 21 ዋት ይስብ ነበር፣ ኤልኢዲው ትንሽ ነው የሚስበው፣ ስለዚ መኪናው አምፖል የተቃጠለ መስሎት ነው በፍጥነት ብልጭ ብልጭ የሚለው። መፍትሄው ምን ሆነ? 6 ኦም ሬዚስተር። 12 ቮልት ላይ 2 አምፒር ይጎትታል፣ 24 ዋት መሆኑ ነው፣ ሁሉም ወደ ሙቀት የሚቀየር። እንግዲህ ሂሳቡን እዩልኝ፣ ኤሌክትሪክ የሚቆጥብ አምፖል ገዝቶ፣ የቆጠበውን የሚያቃጥል እቃ ደሞ ለብቻው ገዝቶ፣ ያንን የሚግል ነገር የፕላስቲክ ፓራውርቲው ጀርባ በፕላስተር ለጠፈው። እኔ መብራት ይዤ ነበር፣ ምንም አላልኩም።

የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ነቅለው ስለሚጥሉት ብዙ አላወራም፣ ሞተር ጋለ ሲባል "አውጣውና ጣለው" የሚል ሰው አይጠፋም፣ አውጥቶ ሲጥለው ሞተሩ ጨርሶ በወጉ አይሞቅም፣ ኮምፒውተሩም ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ነዳጅ ይጨምርለታል፣ ከዛ ሰውየው ነዳጅ በዛብኝ ብሎ ሌላ ነገር መንቀል ይጀምራል። ከድጡ ወደ ማጡ፣ ግን በራሱ እጅ። እየፈላ ያለ ራዲያተር ክዳን የሚከፍተውን ጀግና ደሞ ማመስገን አልችልም፣ እሱ ላይ መቀለድ አልሆነልኝም። ውስጡ ያለው ውሃ በግፊት ተይዞ ነው እንጂ ከ100 ዲግሪ በላይ ነው፣ ክዳኑ ሲላላ ግፊቱ ይሄድና ያ ሁሉ ፊት ላይ ነው የሚገነፍለው። ይቀዝቅዝ በቃ። እዚህ ጋ ፈሪ ሁኑ። በክሪክ ብቻ አንጠልጥላችሁ ስሩ የምትገቡም እንደዛው፣ መቆሚያ ድጋፍ አድርጉበት። ወደ ምስጋናው ልመለስ።

አንዳንድ ሰዎች ደሞ አሉ የማይመሰገኑ። ዘይታቸውን ራሳቸው ይቀይራሉ፣ ፊልትሮም፣ ካንዴላም፣ የፍሬን ሸራም ሳይቀር፣ ግን ማንዋል ያነባሉ! ቡሎኑን ስንት ድረስ እንደሚያጠብቁ ቁጥሩን አይተው በቶርክ ቁልፍ ነው የሚያጠብቁት፣ ከመፍታታቸው በፊት ፎቶ ያነሳሉ፣ የማይችሉት ላይ ሲደርሱ "ይሄ ከኔ በላይ ነው" ብለው ጋራዥ ይወስዱታል። ምኑ ነው ታዲያ ታሪኩ? ሲጨርሱ አንድ እንኳን ትርፍ ቡሎን አይተርፋቸውም። ወንድም ጋሼ ጋ ትርፍ ቡሎን በቆርቆሮ ተጠራቅሟል፣ "ፋብሪካው ሲያበዛ ነው" ይላል።

የመኪናው ኮምፒውተር ያየውን ችግር በኮድ የሚያሳይ ማንበቢያ የገዛ ቀን ደሞ ሌላ ምዕራፍ ተከፈተ። ከመሪው ስር 16 ፒን ያለው ሶኬት አለ አይደል፣ አሜሪካ ከ1996 ጀምሮ በሚሸጡ መኪኖች ላይ ግዴታ ያደረገችው፣ እዛ ላይ ሰካውና ፒ0420 የሚል ወጣ። ማርሚታው መስመር ላይ ያለው ጭስ አጣሪ፣ ካታሊስቱ፣ በደንብ እያጣራ አይመስለኝም ማለት ነው። አይመስለኝም ነው የሚለው ልብ በሉ። ኮምፒውተሩ ካታሊስቱን በአይኑ አላየውም፣ ከፊትና ከኋላ ያሉት ሁለት ሴንሰሮች የነገሩትን ነው የሚያወራው፣ "እዚህ አካባቢ ያመኛል" እንደሚል በሽተኛ። ጀግና ግን ኮድ የሚያነበው እንደ እቃ መግዣ ዝርዝር ነው።

የመጀመሪያ ቀን መብራት ይዤ ቆሜ፣ ጠዋት በቀዝቃዛው ሲያስነሳው ከጭስ መውጫው ቱቦ መጋጠሚያ ጋ ጭፍ ጭፍ የሚል ድምጽ ይሰማኛል። "ወንድም ጋሼ እዚች ጋ አየር የሚያፈስ ይመስላል" አልኩ። "አንተ መብራቱን ያዝ" አለኝ።

የኋላውን ሴንሰር ቀየረ። ኮዱ ተመለሰ። የፊቱን ቀየረ። ተመለሰ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና ካንዴላዎቹን በሙሉ ቀየረ። ከዛ ባትሪውን ነቅሎ መልሶ ሲያስር የቼክ ኢንጅን መብራቷ ጠፋች፣ ሁለት ቀን ደስታ በደስታ ሆንን፣ ሰፈር ሙሉ ስልክ ተደወለ፤ ኮምፒውተሩ ለካ የረሳውን እስኪያስታውስ ትንሽ መነዳት ነበር የሚፈልገው፣ በሶስተኛው ቀን በራች። ካታሊስቱን ራሱን ቀየረ፣ እሱማ ዋጋውን አልነግራችሁም፣ እሱም ለባለቤቱ አልነገራትም። አዲሱን ሲገጥም መጋጠሚያው መፈታቱ አይቀርም፣ መሀሉ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን አወጣው፣ አንድ ጎኑ ተቃጥሎ ተበልቷል፣ ጥቁር የጥላሸት ጭረት ቱቦው ላይ ወጥቶ ይታያል። በዛች በኩል አየር እየገባ ነው ሴንሰሩን ሲያሳብደው የከረመው። ከወረቀት ብዙ የማይወፍር ነገር።

ጓርኒሲዮኑን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መብራቴ አስጠጋው፣ አገላብጦ አየው፣ ከዛ ወደኔ ዞሮ "እኔ መጀመሪያም ብያለሁ" አለ።

ዝም አልኩ። ስልኬ 4 ፐርሰንት ቀርቶታል።

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ግቢው ጥግ የቆመችውን የኔን መኪና ያያት ጀመር። "ነገ ያንተን እናያታለን" አለ።

"ምንም የለባትም ወንድም ጋሼ።"

"ይገኝላታል።"