አልፋው 0.8 ስለሆነ ብቻ መጠይቁ ትክክል ነው?

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሳይኮሎጂና የጤና ጥናቶች ላይ አንድ የተለመደ አካሄድ አለ። ተመራማሪው ውጭ አገር የተዘጋጀ መጠይቅ ይወስዳል፣ ያስተረጉማል፣ ጥቂት ሰዎች ላይ ይሞክራል። ከዚያ ክሮንባክ አልፋ የሚባለውን ቁጥር ያሰላል። 0.7 ካለፈ «መጠይቁ ተረጋግጧል» ብሎ ይጽፋል። አድቫይዘሩም ፈታኙም ዝም ብለው ያሳልፉታል።

ይህ ሊቆም ይገባል።

አልፋ የሚነግረን የጥያቄዎቹ መልሶች እርስ በርሳቸው ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ ነው። ይህ ከአስተማማኝነት፣ ማለትም መለኪያው ወጥ ውጤት ከመስጠቱ፣ አንዱ ገጽታ ብቻ ነው። ጥያቄዎቹ አንድ ላይ ሆነው የሚለኩት ድብርትን ይሁን ድካምን ወይስ ይሉኝታን፣ አልፋ አያውቅም። እሱ የተገቢነት፣ ማለትም መጠይቁ ሊለካ የታሰበውን ነገር በእርግጥ ይለካል ወይ የሚለው ጉዳይ ነው። እንዲያውም አንድን ጥያቄ ቃሉን እየቀያየርን አሥር ጊዜ ብንጠይቅ አልፋው ሰማይ ይነካል።

ማስረጃው እዚሁ አገራችን አለ። የኤድንበርግ መጠይቅ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርትን ለመለየት ስኮትላንድ ውስጥ ተሠርቶ በ1987 እ.ኤ.አ. ወጣ። አሥር ጥያቄዎች አሉት፤ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ይህን መጠይቅ በቡታጅራ ገጠር እናቶች ላይ ፈተሸው። ውጤቱን የአእምሮ ሐኪሞች ካደረጉት ምርመራ ጋር አስተያየው። መጠይቁ የታመሙትን ካልታመሙት በደንብ መለየት አልቻለም። ሁለት ዓመት ቆይቶ በአዲስ አበባ እናቶች ላይ ሲፈተሽ ደግሞ ይኸው መጠይቅ ጥሩ ሠራ። አንድ መጠይቅ፣ አንድ አገር፣ የተለያየ ውጤት!

ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ከአሠራሩ ይጀምራል። ኤድንበርጉ አብዛኞቹን የአካል ምልክቶች ሆን ብሎ ትቷል። አራስ ብትደክም ከመውለዷ ሊሆን ይችላልና ለስኮትላንድ ብልህ ውሳኔ ነበር። ጭንቀቷን «ራሴን ይወቅረኛል፣ ምግብ አላሰኘኝም» ብላ የምትናገር የገጠር እናት ግን በዚህ መጠይቅ ውስጥ የራሷን ሕመም አታገኘውም። በዚያው ጥናት በቡታጅራ የተሻለ የሠራው የዓለም ጤና ድርጅት ባለ ሃያ ጥያቄ መጠይቅ የሚጀምረው ከራስ ምታት ነው። መልሱም አዎ ወይም አይ ነው። ኤድንበርጉ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አራት አማራጭ መልስ አለው፤ የታሰበውም እናቲቱ ራሷ አንብባ እንድትሞላው ነው። መረጃ ሰብሳቢ አራቱን አማራጭ ጮክ ብሎ ሲያነብላት፣ አማቷም አጠገቧ ተቀምጠው ሲሰሙ፣ ምን ብላ ትመልስ?

የተሳሳተው ቁጥር ደግሞ ወረቀት ላይ አይቀርም። «ከመቶ ይህን ያህል እናቶች ድብርት አለባቸው» ተብሎ ሪፖርት ይሆናል፣ እቅድ ይወጣበታል። በእውነት የታመመችው እናት ከቁጥሩም ከእርዳታውም ውጭ ትቀራለች። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ተማሪው ገንዘብም ጊዜም የለውም ይባላል፤ እውነት ነው። ከአንድ የማስተርስ ተማሪ ሙሉ ፍተሻ አልጠብቅም። ግን ከጥቂት መላሾች ጋር ቁጭ ብሎ «ይህን ጥያቄ ስትሰሚ ምን ተረዳሽ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ወጪ የለውም። መጠይቁ በዚያ ማኅበረሰብ ካልተፈተሸ ይህንኑ በግልጽ መጻፍም ነፃ ነው። ትምህርት ክፍሎች አልፋን ብቻ ይዞ የመጣ ፕሮፖዛል ይመልሱ። ዩኒቨርሲቲዎችም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የተፈተሹ መጠይቆችን፣ የት እና በማን ላይ እንደተፈተሹ ጽፈው፣ ማንኛውም ተማሪ በነፃ የሚያገኝበት አንድ ቦታ ላይ ያሰባስቡ።