ሣሩ የማን ነው?

የእህቴ ልጅ የደወለልኝ ሻንጣ እያዘጋጀሁ ሳለ ነው። ለገና ወደ አዲስ አበባ ልመጣ አራት ቀን ቀርቶኝ ነበር። «ጋሼ፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ጎልፍ እንጫወት ብለውኛል። ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ ነው። ዱላውን በእጄ ይዤ አላውቅም። ምን ልልበስ?» አለኝ።

የጠየቀኝ ስለ ልብስ ነው። ስለ አመታቱም ስለ ሕጉም አልጠየቀም። አልፈረድኩበትም። አገር ቤት ጎልፍ ሲባል መጀመሪያ ዓይናችን ላይ የሚመጣው አጥር፣ ዘበኛና ነጭ ቲሸርት ነው። አፄ ምኒልክ ለእንግሊዞች በሰጡት ሰፊ የኤምባሲ ግቢ ውስጥ የጎልፍ ሜዳ አለ። በአጥሩ ሥር በየቀኑ በታክሲ የሚያልፈው ሕዝብ ግን ሣሩን አይቶት አያውቅም። እኔም ከስድስት ዓመት በፊት ለእረፍት መጥቼ አንድ የጎልፍ ሜዳ በር ላይ ቆሜ ነበር። ማየት ብቻ ነበር የፈለግሁት። «አባል ነዎት?» ተባልኩ። አይደለሁም አልኩና ተመለስኩ። ዘበኛው ሥራውን ነው የሠራው፤ ክፉ ቃልም አልወጣውም። ግን ቅር ብሎኝ ነበር። እስከ ዛሬም አልረሳሁትም።

ቅር ያለኝ ጨዋታውን የተማርኩት ሌላ ዓይነት ሣር ላይ ስለሆነ ነው። የምኖረው ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ነው። አውቶቡስ ስነዳ 13 ዓመቴ። ከተማው ውስጥ ብራንትስፊልድ ሊንክስ የሚባል የሕዝብ መናፈሻ አለ። ሰው ውሻውን ያንሸራሽራል፣ ተማሪዎች ተጋድመው ያነባሉ፣ እዚያው ሣር ላይ ደግሞ አጫጭር የጎልፍ ጉድጓዶች አሉ። በነሱ የበጋ ወራት 36 ጉድጓድ ይዘጋጃል። ክፍያ የለውም። አባል ነህ ወይ የሚል የለም። ዱላህንና ኳስህን ይዘህ መምጣት ብቻ ነው። ከፈረቃ ስወጣ እየሄድኩ የተማርኩት እዚያ ነው። የመጀመሪያ ቀን ዱላ ያስያዙኝ አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ነበሩ። ኳሱን ከመምታቴ በፊት ያስተማሩኝ ዱላዬ የሚገነጥለውን ሣር አንስቼ ወደ ቦታው መመለስንና በእግሬ ረገጥ ማድረግን ነው።

«ሊንክስ» በስኮቶች አነጋገር ባሕር ዳር ያለ፣ ለእርሻ የማይመች አሸዋማ የሣር መሬት ነው። በግ ይሰማራበት ነበር። ጎልፍ ያደገው እንዲህ ባለ የጋራ ግጦሽ ላይ ነው። ባንከር የሚባለውን የአሸዋ ጉድጓድ እንኳ በጎች ከነፋስ ሲጠለሉ የጎደጎዱት ነው ብለው ያወጋሉ። በ1457 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ንጉሥ በዳግማዊ ጄምስ ዘመን ጎልፍና እግር ኳስ በአዋጅ ተከልክለው ነበር። ሰዉ የቀስት ልምምዱን ትቶ ሜዳ ለሜዳ ዋለ ተብሎ ነው። ያን ያህል የተራው ሰው ጨዋታ ነበር። ዛሬም በዓለም የታወቀው የሴንት አንድሩስ ከተማ አሮጌው ሜዳ ከጥቂት ውድድሮች በቀር እሑድ እሑድ ጎልፍ አይጫወቱበትም። ሕዝቡ ልጁንና ውሻውን ይዞ ይሄድበታል።

ስኮትላንድ ሁሉም በር ክፍት ነው እያልኩ አይደለም። እንዲህ ብዬ ብናገር ዋሸሁ። ከኤድንብራ ብዙ የማይርቀው የሚውርፊልድ ጎልፍ ክለብ ሴቶችን በአባልነት ለመቀበል ድምፅ የሰጠው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ዝግ ክለብ እዚያም አለ። ልዩነቱ ከዝግ ክለቡ ጎን ክፍት ሣር መኖሩ ነው። ጀማሪ የሚጀምርበት ቦታ አለው።

ሻንጣዬ ውስጥ አምስት የጎልፍ ዱላዎችና 12 ኳሶች አስገባሁ። ሁሉም ያገለገሉ ናቸው። ኤድንብራ ውስጥ የበጎ አድራጎት ሱቆች አሮጌ ዱላ በርካሽ ይሸጣሉ። ሕጉ አንድ ተጫዋች እስከ 14 ዱላ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ይህ ጣሪያው እንጂ ግዴታ አይደለም። ለጀማሪ አይረን የሚባለው የብረት ዱላ ሰባት ቁጥሩ፣ ኳሷን ከፍ አድርጎ በአጭሩ የሚያነሳ አንድ ዌጅ፣ ሣር ላይ ወደ ጉድጓዱ የሚገፋ አንድ ፑተርና ለረጅሙ ምት የሚሆን አንድ ሃይብሪድ ይበቃዋል። አምስተኛውን የጨመርኩት አንዱ ቢሰበር ብዬ ነው። ይህን የምጽፈው ገና ሳይጀምሩ ሙሉ ዕቃ ገዝተው ቤት ያስቀመጡ ሰዎች ስለማውቅ ነው። ገንዘባቸው ያሳዝነኛል።

ልጁ ሁለት ቀን ፈቃድ ወሰደ። ማክሰኞ ማለዳ ከአዲሱ ገበያ በሚኒባስ ተሳፍረን ወደ ሱሉልታ ወጣን። ታኅሣሥ ስለሆነ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የሱሉልታ ሜዳ በዚህ ወር ያምራል። ድርቆሹ ታጭዶ ተከምሯል። ከክምሩ መሀል የተላጨ የመሰለ ሣር እስከ ኮረብታው ድረስ ተዘርግቷል። ሯጮች ተከታትለው በጭጋጉ ውስጥ ያልፋሉ።

ዝም ብለን አልገባንም። አንድ አባት ጋቢያቸውን ተከናንበው ከክምሩ ሥር ተቀምጠዋል። «እንደምን አደሩ አባባ፤ ሣሩ የእርስዎ ነው?» አልኳቸው።

«ድርቆሹ የኔ ነው። ከታጨደ በኋላ ግን ሣሩ የከብቱ ነው፤ የሁሉም ነው» አሉኝ። ምን ልንሠራ እንደመጣን ነገርኳቸው። ዱላውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «ላሞቹን እንዳትመቱብኝ። መሬቱንም እንዳትቆፍሩት። ሌላው የናንተ ነው» ብለው ፈቀዱልን።

በጣም ነው ደስ ያለኝ። ስድስት ዓመት ያቆየሁት ቅሬታ እዚያ ቀለለልኝ። ስኮቶች ሊንክስ የሚሉት ነገር እኛም ጋ እንዳለ፣ ያውም በሽማግሌ ቃል የሚተዳደር መሆኑን በጆሮዬ ሰማሁ።

መቆፈር ስለተከለከልን የወተት ዱቄት ጣሳ ክዳን ሣሩ ላይ አስቀመጥን። እውነተኛው ጉድጓድ ስፋቱ 10.8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ክዳኑ ለዚያ ይቀርባል። ልጁ ትልቁን ዱላ ይዞ ሩቅ መምታት አማረው። እኔ ግን በፑተር ነው ያስጀመርኩት። ምክንያት አለኝ። 18 ጉድጓድ ያለው ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ 72 ምት ተብሎ ይሰላል። በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ምት ኳሷን ሣሩ ላይ ለመግፋት ስለሚታሰብ 36ቱ፣ ማለትም ግማሹ፣ በፑተር የሚመታ ነው። ጀማሪ ግን ልምምዱን በሙሉ በረጅሙ ምት ይጨርሳል። ቅዳሜ ግሪን ላይ፣ ማለትም በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው የተላጨ ሣር ላይ፣ ሲደርስ ኳሷ ወዲያና ወዲህ ትመላለስበታለች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አይረኑን ሰጠሁት። ባለ በሌለ ጉልበቱ ሰነዘረው። አየሩን መታ። ደገመ፤ አፈሩን መታ። እረኞቹ ልጆች ከበውን ቆመዋል። ገና ስለደረሰ እነሱም ቆልማማ ዱላቸውንና ሩራቸውን ይዘዋል። አንዱ፣ 12 ዓመት ቢሆነው ነው፣ «ጋሼ፣ ኳሷን እያት እንጂ! ወዴት እንደምትሄድ ኋላ ታያለህ» አለው። ከዚያ በራሱ ዱላ ሩሩን አስቀምጦ አሳየው። ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ። ከወገቡ ዞረ። ዓይኑ ከሩሩ አልተነቀለም። ሩሩ ሜዳውን ሰንጥቆ ሄደ።

እኔ በ13 ዓመት ውስጥ ብዙ ሰው ሲያስተምር አይቻለሁ። ከዚህ ልጅ የተሻለ መግለጫ አልሰማሁም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ላይ ዱላ ይዘው የሚገጥሙበት ጨዋታ የኛ ነው። ታዲያ በዱላ ኳስ መምታት እንዴት የሀብታም ብቻ መሰለን? እኔ እንደሚመስለኝ ያራቀን የሣሩ መታጠር ነው።

ወደ ዝግጅቱ ልመለስ። ኳሷ ኤድንብራ ከለመድኩት በላይ ስትሄድ የእህቴ ልጅ ጎበዝ የሆነ መሰለው። ጎበዝም ነው፤ ግን ከፍታውም አለበት። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷን ብዙ አይገታትም። ባሕር ጠለል ላይ 100 ሜትር የምትሄደው እዚህ ወደ 110 ትጠጋለች። ከባሕር ዳር አገር የመጣ ሰው ዱላ ሲመርጥ ይህን ማሰብ አለበት። ትንፋሹንም ያስብ። ሦስተኛው ሰዓት ላይ እኔ ቁጭ ብዬ ነበር፤ እነሱ ይሮጣሉ።

ሐሙስ ዕለት ያወራነው በአብዛኛው ስለ ሥነ ሥርዓት ነው። ጀማሪ ስለሳተ የሚቀየመው የለም። ሰው የሚቀየመው ጨዋታውን ሲያስጠብቅና ሰው ላይ አደጋ ሲያመጣ ነው። ፊት ለፊትህ ያሉት ሰዎች ሳይርቁ አትምታ። ኳስህ ወደ ሰው ከሄደች ሳታፍር «ፎር!» ብለህ ጩህ፤ ተጠንቀቁ ማለት ነው። ኳሷ ትንሽ ናት፤ 46 ግራም እንኳ አትሞላም። ግን ድንጋይ ናት፤ ራስ ላይ ካረፈች ታቆስላለች። ሌላው ሊመታ ሲቆም ዝም በል፣ ጥላህንም አታጥላበት። በኳሱና በጉድጓዱ መካከል ያለውን መስመር አትርገጥ። አሸዋ ውስጥ ከገባህ ስትወጣ በመቧጠጫው ደልድለው። ስልክህን ድምፁን አጥፋ። ካዲ፣ ማለትም ዱላህን የሚሸከምልህ ሰው፣ ካለህ መጀመሪያ ስሙን ጠይቅ፤ በስሙ ጥራው። ሜዳውን ካንተ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

አንድ ነገር ደጋግሜ ነገርኩት። የጠፋ ኳስ ለመፈለግ ሕጉ የሚሰጠው 3 ደቂቃ ብቻ ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. በፊት 5 ነበር። ጀማሪ ግን ያን ያህልም አይቁም። ብዙ ምት ከፈጀህ ኳስህን አንሳና ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ሂድ። የመጀመሪያ ቀን ነጥብ መቁጠር አያስፈልግም። ይሉኝታ ስላለብን እኛ ሐበሾች ይህ ይከብደናል። ጀምሬ እንዴት ሳልጨርስ እንላለን። አብረውት ለሚጫወቱት ግን ትልቁ አክብሮት ይህ ነው።

ስለ ልብሱም መለስኩለት። ኮሌታ ያለው ቲሸርት፣ ጂንስ ያልሆነ ሱሪ፣ እርጥብ ሣር ላይ የማያንሸራትት ጫማ። የሜዳው ደንብ ሌላ ከሆነ አስቀድሞ ደውሎ ይጠይቅ።

ልንመለስ ስንል ከሜዳው ጫፍ የተተከሉ ችካሎች አየሁ። ከወዲያ ቆርቆሮ አጥር ቆሟል። አባባን ጠየቅኳቸው። «ለከርሞ ድርቆሽ ይኑር አይኑር እንጃ» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

ከተማ አይደግ አልልም። ሰው ቤት ያስፈልገዋል። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ስንት ቤተሰብ እንደሚዝናናበት አይቼ ደስ ብሎኛል። ግን በሱሉልታም፣ በለገጣፎም፣ በገላንም አዲስ ሰፈር ሲነደፍ፣ አንድ ያልታጠረ ሣር ይተው ብዬ ከልቤ እለምናለሁ። የጎልፍ ሜዳ ይሠራ እያልኩ አይደለም፤ እሱ ውኃም ገንዘብም ይበላል። ልጅ ሩር የሚመታበት፣ ሯጭ የሚሮጥበት፣ ላም የምትግጥበት፣ አንድ ጀማሪ ሳያፍር የሚስትበት ሣር ነው የምለው። ኤድንብራ መሀል ከተማ ላይ ያን ሣር ያልሸነሸኑት መሬት ተርፏቸው አይመስለኝም። ልጆቻቸው ያስፈልጋቸዋል ብለው ነው።

ኳሶቻችንን ቆጠርን፤ 11 ሆኑ። «ከብት ስንነዳ እናገኘዋለን» አለ ያ ልጅ። አይረኑን ለሱ ትቼለት መጣሁ።

ቅዳሜ ማታ የእህቴ ልጅ ደወለ። 9 ጉድጓድ ነው የተጫወቱት። ሦስት ኳስ ጠፍቶበታል። ሁለት ጊዜ ኳሱን አንስቶ አልፏል። ካዲው ግሪን ላይ አገባቡን አይቶ «የት ተማርክ?» ብሎታል። ሱሉልታ ብሎ መለሰ።

«ጋሼ፣ ነገ እንሂድ? አንዲት የሥራ ባልደረባዬ መማር ፈልጋለች። አባባን ግን እንደገና እናስፈቅዳቸው» አለኝ።

እሑድ ማለዳ አዲሱ ገበያ ተገናኘን። ልጅቱ ለአባባ ቡናና ስኳር ይዛ መጥታለች።